የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ላለባቸው ሰዎች እንቅስቃሴ በልክ ሲታዘዝ

በአውሮፓ በሚገኝ አንድ የማገገሚያ ማዕከል በፊዚዮቴራፒስትነት ስሠራ፣ ከአገሬ ሰዎች ቤተሰብ ደጋግሜ የምሰማው ንግግር «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ፤ እኛ እንሠራዋለን» የሚል ነው። የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት እንዳለባት የተነገራት እናት ደረጃ እንዳትወጣ፣ ዕቃ እንዳታነሣ፣ እስከ ጎረቤት እንኳ በእግሯ እንዳትሄድ ትከለከላለች። ክልከላው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ሕመምተኞቻቸውን የሚመክሩት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን የሕክምናው ምክር ተለውጧል፤ ለውጡ ወደ ቤተሰብ አለመድረሱ በብርቱ ስለሚያሳስበኝ ይህን እጽፋለሁ።

ሕመሙ በክንድ ላይ ከሚለካው ከተለመደው የደም ግፊት የተለየ ነው። ደምን ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ የሚያደርሱት ትንንሽ ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው እየወፈረ ውስጣቸው ይጠባል፤ በዋናው የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊትም ሰውየው ዐርፎ ተኝቶ ሳለ እንኳ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ይሆናል። ሕመሙ በልብ አልትራሳውንድ ይጠረጠራል፤ የሚረጋገጠው ግን ወደ ቀኝ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በካቴተር፣ ግፊቱ በቀጥታ ሲለካ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ልቡ የሚረጨውን ደም እንደ አስፈላጊነቱ ይጨምራል፤ የዚህ ሕመምተኛ ቀኝ ልብ ግን በጠበበው የደም ቧንቧ ላይ እየገፋ ስለሚደክም የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል፣ ሲብስም ሰው ራሱን ይስታል። ሕመምተኛው በመንገድ ላይ ወይም ደረጃ ሲወጣ ሲወድቅ ያየ ሐኪም «ዕረፍ» ማለቱ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን ዕረፍቱ ራሱ ሌላ ጉዳት ያመጣል። የተቀመጠ ሰው የጭኑ ጡንቻ ይሰልላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ይደክማሉ፤ የሰለለ ጡንቻ የደረሰውን ጥቂት ኦክስጅን በአግባቡ መጠቀም ስለማይችል፣ ትናንት ያላስጨነቀ ርቀት ዛሬ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ ሕመሙ ባሰ ይላል፣ የበለጠም ያስቀምጣል። በሥራዬ ከማያቸው ሕመምተኞች የብዙዎቹ ድካም ከሁለቱ የተደባለቀ ነው፤ ከፊሉ የሳንባው የደም ቧንቧ ነው፣ ከፊሉ ያለ ሥራ የተቀመጠው ጡንቻ ነው። ሁለተኛውን በእንቅስቃሴ ማሻሻል ይቻላል።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች የመጀመሪያው ከጀርመን ከሃይደልበርግ ከተማ የወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴርሊዝ ሜሬሌስ፣ ኤከሃርድ ግሩኒግና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት በዚህ ጥናት 30 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ አንደኛው ወገን ልምምድ ሲሠራ ሌላኛው አልሠራም። የልምምዱን አወሳሰን በዝርዝር መናገር እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሕመምተኞቹ የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት በሕክምና ተቋም ውስጥ ሆነው በባለሙያ ዐይን ሥር፣ የቀሩትን 12 ሳምንታት በቤታቸው ሠርተዋል። በቋሚ ብስክሌት ላይ ለግማሽ ደቂቃ በጣም በቀላል ጫና፣ ቀጥሎ ለአንድ ደቂቃ ጥቂት ከፍ ባለ ጫና ይነዳሉ፤ ጫናው እንደየሰዉ አቅም ከ10 እስከ 60 ዋት ነበር። ከዚያ በተጨማሪ በእግር ይራመዳሉ፣ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ በሚመዝን ክብደት አንዱን ጡንቻ ለብቻው ያሠራሉ፣ የአተነፋፈስ ልምምድም ያደርጋሉ። የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ120 እንዳያልፍ፣ የደማቸው የኦክስጅን መጠንም ከ85 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠበቅ ነበር። ጫናው በየአፍታው ከፍና ዝቅ የሚለው ቀኝ ልብ ከአቅሙ በላይ ሳይወጠር መልሶ ፋታ እንዲያገኝ ነው።

ከ15 ሳምንታት በኋላ ልምምድ የሠሩት ሰዎች በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ በ96 ሜትር ጨመረ፤ ያልሠሩት በአንጻሩ በ15 ሜትር ቀነሰባቸው። ይህ ውጤት ብዙዎችን አስደንቋል፤ እኔ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተገኘን ትልቅ ቁጥር ለማንም ሕመምተኛ ቃል አልገባበትም። በኋላ በ10 የአውሮፓ አገሮች፣ በ11 ማዕከላት፣ በ116 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ያሳየው ልዩነት 34 ሜትር ያህል ነው። ሕመምተኛው ለውጡን ራሱ የሚያስተውለው ርቀቱ ወደ 33 ሜትር ገደማ ሲጨምር እንደሆነ ስለሚገመት፣ ይህ ቁጥር መጠነኛ ቢሆንም ዋጋ አለው። ከገበያ ተመልሶ ሳይቀመጡ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ ለሚችልና ለማይችል ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከአምስተርዳም የወጣ አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ ከርቀት ይልቅ ወደ ጡንቻው ውስጥ ተመልክቷል። 19 ሕመምተኞች ለ12 ሳምንታት ብስክሌት እየነዱና የጭን ጡንቻቸውን እያሠሩ ቆይተው፣ የ6 ደቂቃ ርቀታቸው ብዙም ሳይለወጥ የጭን ጡንቻቸው ጥንካሬና የመቆየት አቅም ጨመረ፤ በጡንቻው ውስጥ ያሉት የደም ሥሮችም በዙ። እንቅስቃሴ የሳንባውን ቧንቧ ባይፈውስም ሰውየውን ለምን እንደሚያበረታ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳኝ ማስረጃ የለም።

የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበርና የአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ማኅበር በ2022 ባወጡት መመሪያ፣ በባለሙያ ክትትል የሚሰጥ ልምምድ በመድኃኒት ላይ ላሉ ሕመምተኞች በከፍተኛው ደረጃ እንዲመከር ወስነዋል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሁኔታዎች አሉ፤ መድኃኒቱ መቅደም አለበት፣ ባለሙያም መኖር አለበት። ልምምድ የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ ጥሩ ስለተሰማው መድኃኒቱን የተወ ሰው ራሱን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። እግሩ እያበጠ የመጣ፣ በቅርቡ ራሱን የሳተ፣ መድኃኒቱ ገና እየተለወጠ ያለ ወይም ትኩሳት ያለበት ሕመምተኛም ሁኔታው እስኪረጋጋ ድረስ ልምምድ አይጀምርም።

ለቤተሰብ የምነግረው ዋናው ነገር የጫናው ዓይነት ነው። በየሠላሳና በየዐርባ ሜትሩ እያረፉ በሜዳ ላይ መራመድ ለብዙዎች ይፈቀዳል፣ ሰውየው እየሄደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር እስከቻለ ድረስ። ውኃ የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ትንፋሽን ይዞ በአንድ ጊዜ ማንሣት ግን ክልክል ነው፤ ትንፋሽ ተይዞ ሲታመቅ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስለሚገታ ሰው በዚያው ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል። ልምምድን በድንገት ማቆምም አይገባም፤ ደም ወደ እግር ወርዶ እንዳይቀር ቀስ እያሉ ማብቃት ያስፈልጋል። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ ግን ወዲያው ተቀምጦ ሐኪምን ማነጋገር ነው።

በኢትዮጵያ ያሉ አንባቢዎች አንድ ነገር እንዲለዩልኝ እፈልጋለሁ። በአገራችን የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚከተለው የልብ በር ጉዳት፣ ማለትም በሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ይህ ከግራ ልብ የሚነሣ በመሆኑ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶችም በቀጥታ አይመለከቱትም። ከልደት ጀምሮ የነበረ የልብ ቀዳዳ ሳይዘጋ ቆይቶ ያስከተለው ግፊት ግን እዚህ ከምናወራው ክፍል ይመደባል። ስለዚህ «ግፊት ነው» የተባለ ሰው የትኛው ግፊት እንደሆነ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ከዚህ ጽሑፍ ልምምድ መጀመር የለበትም።

በውጭ አገር ሆነው ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ሕመምተኞች ደግሞ የከፍታውን ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ሲቀንስም የሳንባ የደም ቧንቧዎች የበለጠ ይኮማተራሉ። የሕክምና ምክሩ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ በላይ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን አለመውጣት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል፤ በአውሮፕላን ውስጥም ኦክስጅን ያስፈልግ እንደሆነ በዚያው ይጠየቃል። በጀርመን ሜዳ ላይ በ40 ዋት ይነዳ የነበረ ሰው እዚያ ሲደርስ ያንኑ ጫና መቀጠል የለበትም፤ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይዞ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ መራመድ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሙ በጻፈለት ልክ።