ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ኅዳር ላይ ነው። ሌሊት ውሃ ጠማኝና ተነሳሁ። የወንድሜ ክፍል መብራት በርቷል። ስልኬን አየሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በሩን ገፋ ሳደርገው ጋቢ ተከናንቦ፣ እግሮቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። የደሴን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነው እቴቴ» አለኝ። ፊት ለፊቱ የፊዚክስ መጽሐፍ ተዘርግቷል። ምን እያነበበ እንደሆነ ጠየቅኩት። ገጹን ቁልቁል አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ መልስ አጣ።

ፎጣ አምጥቼ እግሩን አደረቅኩለት። 18 ዓመቱ ነው። እንደ ሕፃን እግሩን ሲሰጠኝ ሆዴ ባባ።

ወንድሜ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤታችን ውስጥ «ፈተናው» ከተባለ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እማዬ የምትሳለው ለእሱ ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠራም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ እሱ ነው።

እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። የተፈተንኩት በ2008 ነው። የዚያን ዓመት ተፈታኞች ታስታውሳላችሁ፤ ግንቦት ላይ ፈተናው ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተሰረዘ። ከወር በኋላ እንደገና ተቀመጥን። ያቺን ወር አልረሳትም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፀጉሬ ሳበጥረው እፍኝ እፍኝ ይወጣ ነበር። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አነበብሽ?» ይለኛል። «ተኛሽ? በላሽ?» ያለኝ አልነበረም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ለተማሪ ማሰብ ማለት ስለ ንባቡ መጠየቅ ይመስላቸው ነበር።

ያኔ ጤናን አንደኛ ምርጫ አድርጌ ሞላሁ። የደረሰኝ ተፈጥሮና ኮምፒዩቴሽናል ሳይንስ ሆነ። ግቢ ገብቼ ደግሞ ዲፓርትመንት ሲደለደል ስታትስቲክስ። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ስታትስቲክስ ምን እንደሆነ እንኳ በወጉ አላውቅም ነበር። ከሕክምና ውጭ ሰው የሚሆን ሰው እንዳለ ማንም ነግሮኝ ስለማያውቅ፣ ሕይወቴ ያለቀ መሰለኝ። ዛሬ የጤና መረጃ ላይ እሠራለሁ። ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን ቁጥር አጣራለሁ፤ የት ቀበሌ ስንት ሕፃን ክትባቱን ሳይጨርስ እንደቀረ ለይቼ አሳያለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ያቺ ያለቀሰች ልጅ ይህን ብታውቅ ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም በተኛች።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ወንድሜን ከሁሉም በላይ ያስፈራው መቶኛው ነው። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ሄደው መፈተን በጀመሩበት በ2014፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። በ2017 8.4። ይህን በቃሉ ይዞታል። «ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ይወድቃል፣ እኔ ማን ነኝ?» ይለኛል። ሙያዬ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ይህ የአገሩ ሁሉ ድምር ነው። በ2015 ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መጽሐፍ ያልደረሰበት፣ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት ከሌላው ጋር አንድ ላይ ተደምሮ ነው 8.4 የሚባለው። የአንተን ዕድል የሚነግርህ የራስህ የሞዴል ፈተና ውጤት ነው አልኩት።

ደግሞ የእሱን ዕድሜ ልጆች አስቡ። በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስድስተኛ ክፍል ነበር። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስምንተኛ። ደብረ ብርሃን ሸሽተን በሰው ቤት ወለል ላይ ስንተኛ ቦርሳው ውስጥ የነበረው አንድ ደብተር ብቻ ነው። እነዚህን ልጆች «ሰነፍ ትውልድ» የሚል ሰው ስሰማ በጣም ይከፋኛል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ነገር አደረግን። በአንድ ደብተር ላይ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተኛ መጻፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአሮጌ የማትሪክ ጥያቄዎች መርጬ፣ ሰዓት ይዤ እፈትነዋለሁ። ስድስት ሳምንት ሞከርነው። አራትና አምስት ሰዓት ብቻ በተኛባቸው ሳምንታት ሒሳቡ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚያውቀውን ጥያቄ በምልክት ይስታል። ሰባት ሰዓት ሲተኛ ስህተቱ ቀነሰ። የአንድ ልጅ ስድስት ሳምንት ጥናት እንደማይባል አውቃለሁ። ግን የራሱ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አመነው። አሁን ማታ 4 ሰዓት ላይ መጽሐፉ ይዘጋል። ስልኩ እማዬ ክፍል ያድራል፤ የቴሌግራሙ ወርክሺት ጠዋትም ይገኛል። ጠዋት 11 ሰዓት ይነሳና ሁለት ሰዓት በንጹህ ጭንቅላት ያነባል። እሑድ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጦሳ ተራራ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ያስለቀሰው ይኸው የእሑዱ ነው። ጊዜ የሰረቅኩበት መስሎት።

እንቅልፉ ግን በሰዓት ብቻ የሚስተካከል አልነበረም። አልጋው ላይ ሆኖ ይገላበጣል። አንድ ማታ ምን እንደሚያስብ ጠየቅኩት። «ካልመጣልኝስ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ለእሱ ጨለማ ነው። ትልቁን ስህተታችንን ያኔ አየሁት። እኛ ስለ ሌላው መንገድ የምናወራው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምንናገረው ሁሉ ማጽናኛ ይሆናል፤ ልጁም እንደ ቅጣት ይሰማዋል። ከፈተናው በፊት ሲወራ ግን ዕቅድ ነው።

ቁጭ ብለን ጻፍነው። ከ600ው 300 ከሞላ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ የሚማረው የሙያ መስክ የሚወሰነው እዚያ በሚያመጣው ውጤት ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ «ሕክምና ወይም ሞት» ማለት አያስፈልገውም። 300 ካልሞላ፣ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው መቁረጫ ላይ ከደረሰ ሬሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ያን ተምሮ ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን እሱ ራሱ አመጣው፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ። ከልጅነቱ የሰፈሩን ሬዲዮና ምጣድ ሲጠግን ነው የኖረው። አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወሰድኩት፤ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና የሚሠራ ዘመዳችን ጋ ዋለ። ማታ በታክሲ ስንመለስ ስለ ሞተር ሲያወራ ደሴ ደረስን። ከስንት ወር በኋላ ነው እንደዚያ ሲያወራ የሰማሁት።

የቀረው አባባ ነበር። አባባ ወንድሜን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ «ዶክተሬ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ፍቅር ነው። ልጁ ግን በየቀኑ የሚሰማው ዕዳ ነው። አንድ ምሽት አባባን ብቻቸውን ሳገኛቸው ነገርኳቸው። «አባባ፣ እስከ ፈተናው ድረስ በስሙ ብትጠሩት?» አልኩ። ዝም አሉ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ተቆጡ ብዬ ሌሊቱን እኔ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ወንድሜ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር፣ አባባ ከበሩ ላይ በስሙ ጠሩት። «እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ማታ?» አሉት። ወንድሜ ክሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸው። «አዎ አባባ፣ ደህና ተኛሁ» አለ።

ወረቀቱ አልጋው ራስጌ ተለጥፏል። አንደኛውና ሁለተኛው በእስክሪብቶ ተጽፈዋል። ሦስተኛውን በእርሳስ ነበር የጻፈው፤ አባባ ድንገት ካዩት ቶሎ ለማጥፋት እንዲመቸው። ባለፈው ሳምንት አንሶላ ልቀይር ገብቼ አየሁት። በእስክሪብቶ ደግሞበታል።