የደበዘዘው ቢጫ አምባር

ዛሬ ዴንቨር ውስጥ የብስክሌቴን ሰንሰለት ለማስቀየር ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ በቆሙት አዛውንት እጅ ላይ ቢጫ የጎማ አምባር አየሁ። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ያቋቋመው የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር ይሸጠው የነበረው፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ያሰረው አምባር ነው። ቀለሙ ደብዝዞ ጽሑፉ አይነበብም፤ በአንድ በኩል ተበጥሶ በማጣበቂያ ተጋጥሟል።

እኔ የራሴን የጣልኩት በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. አርምስትሮንግ በዶፒንግ፣ ማለትም የተከለከለ አበረታች መድኃኒትና ዘዴ በመጠቀሙ፣ ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ድሎች በተነጠቀ ዕለት ነበር። ስለዚህ «አሁንም ያስሩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ ኬሞቴራፒ ስትወስድ ያሰረችልኝ ነው፤ የእርሷ እንጂ የእርሱ አይደለም» አሉኝ።

መልሳቸው እስከ አሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ያን ጊዜ የተቆጣነው አርምስትሮንግ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛውን ኢፒኦ የተባለ መድኃኒት በመውሰዱና የራሱን ደም አስቀምጦ መልሶ በመወጋቱ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አብረውት መድረክ ላይ ከቆሙት አብዛኞቹ ስማቸው ከዶፒንግ ጋር ስለተነሣ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ድሎቹን ለማንም ሳይሰጥ ባዶ ትቷቸዋል። ለእኔ ይቅር ለማለት ይበልጥ የሚከብደኝ፣ እውነቱን የተናገረችውን የቡድኑን የማሳጅ ባለሙያ ኤማ ኦሪሊን መክሰሱና ስሟን ማጥፋቱ ነው፤ እኛም ያኔ አምባሩን በእጃችን አስረን ያመንነው እርሱን እንጂ እርሷን አልነበረም።

አዛውንቱ ብስክሌታቸውን ከተረከቡ በኋላ አምባሩን በጥንቃቄ ወደ ክርናቸው ከፍ አድርገው ጓንታቸውን አጠለቁ።