«ልጠይቅዎ» ልል «ልሳምዎ» ያልኩበት ሳምንት

«ሚሲዮናዊ ነኝ» ስል ሰው ቀኑን ሙሉ ስሰብክ የምውል ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሳምንቴ የሚያልቀው በእግር በመሄድና የሸመደድኩትን ቃል በመርሳት ነው። ከአገር ከወጣሁ ገና ሦስተኛ ወር ነው። የማገለግለው በማንዳሪን ቻይንኛ ነው፤ ቢያንስ እየሞከርኩ ነው። ያለፈው ሳምንቴን ልንገራችሁ።

ሰኞ የእረፍት ቀናችን ነው። ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ማታ ለእናቴ ይደወላል። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ነበር የምደውለው። ስልኩን ስዘጋ ናፍቆቱ ይብስብኛል፤ ጠዋት ስነሳ ልቤ እዚያው ነው። አሁን በሳምንት አንዴ አድርጌዋለሁ። እናቴ ተቀይማለች። እኔ ግን እንቅልፍ መተኛት ጀምሬያለሁ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን። መጀመሪያ ጥሞና፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት ቋንቋ። ማንዳሪን አራት ቃና አለው። እኛ «አለ»ን ስናጠብቀውና ስናላላው ትርጉሙ እንደሚለወጠው ሁሉ፣ እዚያ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ ቃሉ ሌላ ይሆናል። «ወን» በአራተኛው ቃና «መጠየቅ» ነው። በሦስተኛው «መሳም» ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይህንን አጥንቼዋለሁ። አስምሬበታለሁም።

ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አገኘን። ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» ልል «ልሳምዎ?» አልኩ። አብሮኝ የሚያገለግለው አጋሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። በጣታቸው አየር ላይ መስመር ሳሉልኝ፤ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል የሚወርድ። «ወን» አሉ። ደገምኩ። ጣታቸው ወርዶ ተመልሶ ወጣ፤ «ያልከው ይሄንን ነው» ማለታቸው ነው። እንደገና። አሁንም እንደገና። ስምንተኛው ላይ ጉልበቴን መታ አድርገው ሳቁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ከቦርሳ ሳይወጣ ተመለስን።

ረቡዕና ሐሙስ የሚወራ ነገር የላቸውም። በር አንኳኳን፣ በር ተዘጋ። ሐሙስ ማታ ከአጋሬ ጋር በመብራት ማጥፋት ተኳረፍን። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከአንድ ሰው ጋር ከንጋት እስከ ማታ ስትውሉ መብራትም ያጣላል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ የላከው ለብርታት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ይቅርታ መጠየቅንም እንዲለማመዱ ሳይሆን አይቀርም። እኛ በነጋታው ከጥሞና በፊት ታረቅን። ስናቆየው እንደሚከብድ ቀደም ብለን አይተነዋል።

አርብ የሪፖርት ቀን ነው። ቅጹ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው፦ ስንት ሰው አነጋገራችሁ፣ ስንቱ ጸለየ፣ ስንቱ መጣ። ልፈር እንጂ አልደብቅም፤ በፊት «ያነጋገርናቸው» ስር መንገድ ላይ ሰላም ያልኩትን ሁሉ እደምር ነበር። ወደ ቻይና የሄደው የመጀመሪያው የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ሮበርት ሞሪሰን በ1807 እ.ኤ.አ. የቻይናዋ ካንቶን ከተማ ሲደርስ 25 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ቅጽ ቢሞላ ሰባት ዓመት ዜሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን አዲስ ኪዳንን ወደ ቻይንኛ ተርጉሟል። ያውም ቻይናዊ ለውጭ ሰው ቋንቋውን ማስተማሩ በሕግ በተከለከለበት ዘመን። እኔን ግን ሴትየዋ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው በነፃ ያስተምሩኛል፣ እኔ ቁጥር አሳብጣለሁ! «አራት» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ «ስምንት ጊዜ ታርሜያለሁ» የሚል ጨመርኩ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ ወደ ሴትየዋ ተመለስን። «ወን»ን በትክክል አልኩት፤ አጋሬ ምስክሬ ነው። ምን ልትጠይቀኝ ነው ብለው ሲጠብቁ፣ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ከአፌ ጠፋ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ትደውልላታለህ?»

በሳምንት አንዴ ብቻ የምደውለው ለምን እንደሆነ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። እንኳን በቻይንኛ፣ በአማርኛም ቃል አጠረኝ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሰኞን ሳልጠብቅ፣ ደወልኩ።