ጌሙ ይቆጥራል፣ ግድ ግን የለውም

ሰሞኑን ከአክስቴ ልጅ ጋር የተጨቃጨቅንበትን ጉዳይ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። እሱ ሪያድ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ማታ ማታ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባል የኢንተርኔት ጌም ላይ እንገናኛለን። ታዲያ እኔ ከክረምት ጀምሮ ስገድለው የከረምኩትን ቦስ (ትልቁን ጭራቅ) እሱ ገና እጁን ሳያፍታታ ገደለውና ብርቁ ዕቃ ዱብ አለለት። ስክሪንሾት ላከልኝ። ከሥሩ «ዕድል ነው ወንድሜ» የሚል ጽፏል። በማግሥቱ ደግሞ ሸጠው! እኔ የምጫወተው አይረንማን ነው። ከ2014 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) ጀምሮ ያለ የአካውንት ዓይነት ነው፣ ከሌላ ተጫዋች መግዛት አይፈቀድም። ካልወረደልኝ የለኝም ማለት ነው።

ቅናት ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ትንሽ አለበት። ግን ክርክሩ ከዚያ አለፈ። እሱ የሚለው፣ በዕድል የሚወርድ ዕቃ ባይኖር ማንም ይህን ጌም ይህን ሁሉ ዓመት አይጫወተውም ነበር ነው። እኔ የምለው ደግሞ፣ ዕድሉ ይኑር፣ ግን ጌሙ የሠራሁትን ያስታውስልኝ።

መጀመሪያ በልፋት የሚገኘውን እንየው። ሩንስኬፕ ውስጥ ፋየር ኬፕ የሚባል ካባ አለ፣ ላቫ የሚፈስበት የሚመስል። ከ2005 ጀምሮ የነበረ ነው። ለማግኘት ዋሻ ገብተህ 63 ዙር ጭራቅ ትገጥማለህ። መጨረሻው ላይ ጃድ ይጠብቅሃል። ከራቅ ብለህ ስትገጥመው ጥቃቱ ሁለት ዓይነት ነው። ወደ ላይ ተነስቶ የፊት እግሮቹን ካንጠለጠለ አስማት ነው፣ እግሮቹን መሬት ላይ ከደበደበ ሬንጅ (ከሩቅ የሚወረወር) ነው። እሱን አይተህ በቅጽበት መከላከያ ጸሎትህን መቀየር አለብህ። ከተሳሳትክ እስከ 97 ይመታሃል። የሕይወትህ ጣሪያ 99 ነው። ይሄ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትዋጋ ቆይተህ፣ እጅህ በላብ ርሶ፣ ዓይንህ ቀልቶ ነው። ግማሽ ሕይወቱን ስትጨርስበት የሚያክሙት ትናንሽ ጭራቆች ከየት መጡ ሳይባል ይከቡታል። ከሞትክ ከአንደኛው ዙር ነው የምትጀምረው። በዚያ መሀል ዋይፋይህ ለሁለት ሰከንድ ከሄደ... እዚህ አገር የሚጫወት ሰው ስለሚያውቀው ዝርዝሩን ልተወው።

ጃድ ከሞተ ግን ካባው ያንተ ነው። ዕጣ የለም። ለሌላ ተጫዋች አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ መሀል ፋየር ኬፕ ለብሶ የቆመ ሰው ስታይ ምን እንዳለፈ ታውቃለህ። (አካውንቱን ለሌላ ሰጥቶ በገንዘብ ያስገደለም ሞልቷል፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

አሁን ወደ ዕጣው። አንድ ዕቃ 1 በ100 ይወርዳል ሲሉህ ልብህ «100 ጊዜ ብገድል አገኘዋለሁ» ይላል። አታገኘውም ይሆናል። 100 ጊዜ ገድለው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩት ከ100 ሰው 37 ያህሉ ናቸው። 300 ጊዜ ገድለውም 5 ያህሉ ምንም የላቸውም። እነዚያ አምስቱ 301ኛውን ሲገድሉ ዕድላቸው ያው 1 በ100 ነው፣ ዛሬ እንደጀመረው ልጅ። የሚያበሽቀው ነገር ሩንስኬፕ ስንት ጊዜ እንደገደልክ አንድ በአንድ መዝግቦ ያሳይሃል። ቁጥሩ እዚያው ፊትህ ላይ ነው። ለዕጣው ግን ቅንጣት አይጨምርም።

ስለዚህ ነገሩን «ዕድል ወይስ ልፋት» ብሎ ለሁለት መክፈሉ ራሱ አይዋጥልኝም። የአክስቴ ልጅ ዕድለኛ ነው፣ እሺ። ግን በዚያ ቦስ ላይ ከሁሉ በላይ የለፋው ሰው ማነው? ዕቃው የሌለው ሰው ነው።

ይሄን ጉድ በደንብ የሚያሳየው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ሌላ ጌም ላይ ያለው ኢንቪንሲብል ነው። ኢንቪንሲብል የሊች ኪንግ ፈረስ ነው፣ አጥንቱ የገጠጠ፣ ክንፍ ያለው፣ የሚበር። ሊች ኪንግ ቦስ የሆነበት ሬይድ (በቡድን የሚዘመትበት ውጊያ) የተከፈተው በ2009 መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን 25 ሆናችሁ ሊች ኪንግን በሄሮይክ (በከባዱ ደረጃ) ከገደላችሁት ፈረሱ በእርግጠኝነት ይወርድ ነበር። አንድ ብቻ፣ ከ25ታችሁ ለአንዱ። በ2010 አንድ ሰው በዚያ ፈረስ በላይህ ሲያልፍ ቀና ብለህ ታይ ነበር፣ ምክንያቱም ከጀርባው ወር ሙሉ አብረውት የሞቱ 24 ሰዎች አሉ። በኋላ የተጫዋቹ ጉልበት አደገ፣ ዕድሉም ወደ 1 በመቶ አካባቢ ወረደ። ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ሊች ኪንግን በጥቂት ምት ይዘርረዋል። ግን በአንድ ካራክተር በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚሞከረው። በዓመት 52 ሙከራ ማለት ነው። አንድም ሳምንት ሳያስታጉሉ ዓመቱን ሙሉ ከሄዱ 100 ሰዎች 59 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ቢመላለሱም 7ቱ አያገኙትም። ያው ፈረስ፣ ያው ክንፍ። ድሮ «ገደልነው» ይል ነበር፣ አሁን «ወጣልኝ» ነው የሚለው።

ጌሙ ያላስታወሰውን ተጫዋቾች ራሳቸው ማስታወስ የጀመሩት ግን ገና ድሮ ነው። ኤቨርክዌስት የሚባለው ጌም በ1999 ሲወጣ ድራጎን ለመግደል ብዙ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚወርደው ዕቃ ግን ለሁሉም አይዳረስም። ማን ይውሰድ? ጊልዶቹ (የተጫዋቾች ማኅበራት) ዲኬፒ የሚባል የነጥብ አሠራር ፈጠሩ። ሬይድ ላይ በተገኘህ ቁጥር ነጥብ ይመዘገብልሃል፣ የምትፈልገው ዕቃ ሲወርድ በነጥብህ ትወስዳለህ። ዋርክራፍት ላይም 40 ሰው በሚዘምትበት ዘመን በሰፊው ተሠርቶበታል። አንድ ምስኪን ኤክሴል ከፍቶ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ፣ ማን መሀል ላይ ራት ልብላ ብሎ ጠፋ እያለ ይመዘግባል። ጠቡም አይጣል ነው፣ በአንድ ሰይፍ የተነሳ የፈረሰ ጊልድ ስንት አለ። ቢሆንም ሐሳቡን እወደዋለሁ። የሚወርደው ምን እንደሆነ ዕጣ ይወስናል፣ ለማን እንደሚደርስ ግን የሠራኸው ይወስናል።

ለእኛ ደግሞ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብም እኮ ዕጣ ነው። ቀድሞ ለማን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፣ ዳኛው ወረቀቱን ሲዘረጋ ልብ ይመታል። ግን የወጣለት ሰው ስሙ ከዕጣው ይነሳል፣ ስለዚህ የጣለ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። የመጨረሻው ሰው ሊበሳጭ ይችላል፣ ባዶ እጁን ግን ወደ ቤቱ አይሄድም። ጌም ሠሪዎቹ ሎተሪ እየሸጡልን ነው፣ እኔ የምጠይቀው ዕቁብ ነው።

ለዚህ የቀረበው ጌም ፋይናል ፋንታሲ 14 ይመስለኛል። ከባዱ ሬይድ ላይ 8 ሰው ቦሱን ሲገድል ከሳጥኑ የሚወጣው በዕጣ ነው። ከዚያ ሌላ ግን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ዕጣው ጀርባውን ከሰጠህ መጽሐፎቹን እያጠራቀምክ ከሳምንታት በኋላ በዕቃ ትለውጣቸዋለህ። የሚጋለቡት እንስሳትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ቦሱ በሞተ ቁጥር አንድ ምልክት ትይዛለህ፣ የመለወጫው ጊዜ ሲከፈት 99 ምልክት ያለው ሰው እንስሳውን ይወስዳል። 99 ቀልድ አይደለም። ግን መጨረሻ አለው።

ይኸው ጌም ታዲያ ሌላ የማልወደው ሥርዓትም አለው። ቶምስቶን፣ ዕቃ የሚገዛበት የጌሙ ገንዘብ። ከፍተኛውን ዓይነት በሳምንት ከ450 በላይ መሰብሰብ አይቻልም። የደረት ልብስ 825 ነው፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ትገዛዋለህ። ቆቡ መቼ፣ ጫማው መቼ፣ ከሁለት ወር በኋላ ምን እንደምትለብስ ዛሬ በወረቀት ጽፈህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ይሄንንም ሰዎች «በልፋት የተገኘ» ይሉታል። ከጃድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጃድ ካልቻልከው አይሰጥህም። ቶምስቶን ግን ቀላል ቀላሉን እየደጋገመ ለተገኘ ሁሉ ነው። መገኘት መጥፎ አይደለም፣ ግን ችሎታም አይደለም፣ ደስታም የለውም። ማክሰኞ ቆጣሪው ይታደሳል፣ ትሠራለህ፣ ትገዛለህ፣ አለቀ። እዚህ ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ነን።

ምክንያቱም የዕጣውን ጣዕም እኔም አውቀዋለሁ። ሩንስኬፕ ላይ ቻምበርስ ኦፍ ዜሪክ የሚባለውን ሬይድ ስትጨርስ ከሳጥኑ በላይ ብርሃን ይቆማል። ነጭ ከሆነ ተራ ነገር ነው። ሐምራዊ ከሆነ ከመሀላችሁ ለአንዱ ትልቅ ነገር ወጥቷል፣ ምናልባትም ትዊስትድ ቦው የሚባለው ቀስት። ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ወደ ሳጥኑ የምትሮጥባትን ጥቂት ሰከንድ ቶምስቶን በመቶ ዓመቱም አይሰጥህም። የአክስቴ ልጅ ሐምራዊ ሲያይ ማይኩን ረስቶ ይጮኻል፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ ከወዲያ «ምን ሆንክ አንተ!» ሲለው ይሰማኛል። ደግሞ የዚህ ሬይድ ዕጣ ደንቆሮ ዕጣ አይደለም። ብዙ ነጥብ ከሠራህ ትልቁ ዕቃ የመውጣቱም፣ ላንተ የመሆኑም ዕድል ይጨምራል። ከሞትክ ነጥብህ ይቆረጣል። ከበሩ ስትወጣ ግን ሁሉም ይረሳል፣ ነገ ስትገባ አዲስ ሰው ነህ።

ምን በዕጣ ይውረድ የሚለውም ለየብቻ መታየት አለበት። ፔት (የሚከተልህ እንስሳ)፣ ጌጥ፣ ቀለም፣ እነሱ እንደፈለጉ ይሁኑ፣ ለሌለው ሰው ምንም አይጎድልበትም። ጉልበት ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። ዋርክራፍት በ2016 ሌጅን በሚባለው ማስፋፊያው ላይ ሌጀንደሪ ዕቃዎችን ከዚህም ከዚያም በዕጣ እንዲወርዱ አደረገ። አንዱ ጉልበትህን ወደ ላይ ይተኩሰዋል፣ ሌላው ለምት ምንም አይጨምርም ማለት ይቻላል። ውስጥ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ላልወጣለት ሰው ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ስሌት ነበረው። ግን የትኛው እንደሚወጣ አይመርጥልህም። የማይረባው የወጣለት ሰው ካራክተሩን ጥሎ ሌላ ከዜሮ የጀመረበት ጊዜ ነው። ዲያብሎ 3 የሚባለው ጌም ደግሞ በ2012 ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጥበት የጨረታ ቤት ይዞ መጣ። ጭራቅ ከመግደል ገበያ መዋል ሲያዋጣ ጌሙ ምን ቀረው? በማርች 2014 ዘጉት።

የአክስቴ ልጅ የመጨረሻ መከራከሪያው ይሄ ነው፦ ጣሪያ ካበጀህለት፣ ይሄን ያህል የገደለ ሁሉ ያገኘዋል ካልክ፣ ደስታው ይሞታል፣ እንደሚመጣ እያወቅክ መጠበቅ ይሆናል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ጣሪያውን አርቀህ ብትሰቅለውስ? 1 በ100 ለሚወርድ ዕቃ 300ኛው ላይ አድርጉት። ከ100 ሰው 95 ያህሉ ጣሪያው መኖሩን እንኳ ሳይደርሱበት በዕጣ ያገኙታል፣ ይጮኻሉ፣ ስክሪንሾት ይልካሉ። ከማንም ደስታ የተቀነሰ ነገር የለም። እኔ የምለምነው ለቀሩት አምስቱ ነው።

ይሄን ስነግረው ዝም አለ። የገባው መስሎኝ ነበር።

«ከአምስቱ አንዱ አንተ ስለሆንክ እኮ ነው» አለኝ።

ታዲያ ለማን ልከራከር?