በሁለት አልበም መሀል

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለች የሙዚቃ መጫኛ ሱቅ፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ፍላሹን እያቀበለ «የዚህ ዘፋኝ አዲስ ነገር ካለ ጨምርልኝ፤ ከሌለ የሌላ ሰው አድርግበት» ሲል ሰማሁ። ልጁም ወደ ኮምፒውተሩ እንኳ ሳይዞር «ጋሼ፣ እሱማ ከአልበሙ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል» አለው። ፍላሹ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር የዘፋኙ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ ልጁ ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ አዲስ ለጠፈና የሌላ ዘፋኝ ስም ጻፈበት።

ቴዲ አፍሮ ከ2004ቱ አልበሙ በኋላ ቀጣዩን ያወጣው በ2009 ቢሆንም፣ በመሀሉ ነጠላ ዜማዎችን ይለቅ ስለነበር አድማጩ አልራቀውም። ስሙ ገና ያልተተከለ ወጣት ድምፃዊ ግን ዝምታው ይበልጥ ይጎዳዋል። አልበም እስኪያልቅ ለበዓል አንድ ዜማ ቢለቅ፣ የቆየ ዘፈኑን በክራርና በማሲንቆ ብቻ አጅቦ ቢያቀርብ፣ ዜማዎቹንም ለጥሪ ማሳመሪያ ቢሰጥ ምን ይከብደዋል? ከፍላሹ ለዘፋኙ የሚደርሰው ሳንቲም ስለሌለ፣ እኛም አዲስ አበባ ድረስ ሳንወርድ የምንታደመው ትንሽ ዝግጅት እዚሁ ቢያሰናዳ፣ ትኬቱንም በር ላይ የሚሸጠውን ካናቴራም እንገዛዋለን፤ ብርዱን የሚመክት ሹራብ ቢሆንማ ይበልጥ።