ሌሊት 9 ሰዓት ማን ይጫወታል?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ሠፈር ሞባይል እጠግናለሁ። ጥገና ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስክሪን መቀየር፣ የቻርጀር መሰኪያ መበየድ፣ ያበጠ ባትሪ መለወጥ፣ በቃ። ዋናው እንጀራዬ ግን ሌላ ነበር፤ አፕ መጫን። ሰው አዲስ ስልክ ይዞ ይመጣል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «ሙላልኝ አቦ!» ይላል። እሞላለሁ። ቴሌግራሙን፣ ቲክቶኩን፣ እንደ ሰውየው መዝሙሩን ወይ መንዙማውን። ልጅ ያለው ከሆነ ደግሞ ጌም።

ጌሙን ከፕሌይ ስቶር አላወርድም ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፓኬጅ ካቃጠልኩ ምን ይተርፈኛል? ላፕቶፔ ላይ «ጌም ሁሉም» የሚል ፎልደር ነበረኝ። ከቴሌግራም ቻናል የለቀምኳቸው፣ ከሌላ ሞባይል ቤት በፍላሽ የተቀበልኳቸው፣ «ሳንቲሙ የማያልቅ» እየተባሉ የሚዞሩ ጌሞች። ከዚያ በኬብል ወይ በዜንደር አሻግራለሁ። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

የምኮራው በፍጥነቴ ነበር። ጌሙ ሲከፈት ስልኩ ይጠይቃል። ሎኬሽን ይይ? ኮንታክት ያንብብ? ማይክ ይጠቀም? አላው፣ አላው፣ አላው። አውራ ጣቴ ቁልፏ የት እንደምትወጣ በቃሉ ይዟታል፤ ዓይኔ ቀጣዩ ደንበኛ ላይ ነው። የስልኩ ባለቤትም ደስ ይለዋል። ሰው የሚፈልገው የሚሠራ ስልክ እንጂ ጥያቄ የሚያበዛ ስልክ አይደለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት መጡ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ያከፋፍላሉ፤ ወደ ጅቡቲ የሚጭኑ ሰዎችም ከእሳቸው ይረከባሉ። ከሦስት ወር በፊት ስልካቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ለልጅ ልጃቸው ብለው የኳስ ጌም አስጭነውኛል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው። ፊት ለፊት «አንቺ» ነው የምላቸው፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም። እዚህ ስጽፍ ነው አንቱ ያልኳቸው።)

«ስልኬ ውስጥ ሌባ አለ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን ወሰደብሽ?»

«የሳምንት ፓኬጅ እሞላለሁ፣ ሁለት ቀን አያድርም። ባትሪውም እንደዚያው ነው። ደረቴ ውስጥ ስከተው እንደ ፍም ያቃጥለኛል።»

«ሙቀቱ ነዋ» አልኩ። እኛ ሠፈር ለማንኛውም የስልክ ብልሽት የመጀመሪያው መልስ ሙቀቱ ነው።

«ድሬ ተወልጄ ድሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሙቀት አውቃለሁ። ይሄ ሙቀት አይደለም።»

ተቀብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የዳታ አጠቃቀሙን ስከፍት ከላይ የተቀመጠው ዩቲዩብ ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። የኳሱ ጌም ነው። በዚያ ወር ብቻ 1.4 ጊጋ በልቷል፤ አብዛኛውን ደግሞ ከጀርባ፣ ማለትም ማንም ሳይከፍተው። ለነገሩ ነፃ ጌም ማስታወቂያ ስለሚያወርድ ዳታ መብላቱ አዲስ ነገር አይደለም። ተዘግቶም መብላቱ ነው የገረመኝ።

ከዚያ «ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ» የሚባለውን ነካሁ። ይሄ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ የመጣ ገጽ ነው። የትኛው አፕ፣ በስንት ሰዓት፣ ሎኬሽንህን ወይም ማይክህን እንደነካ ይዘረዝራል። እውነቱን ልናገርና እስከዚያ ቀን ለራሴ እንኳ ከፍቼው አላውቅም። ሎኬሽን የሚለውን ስከፍት የጌሙ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሌሊቱን ሙሉ። አንደኛው መስመር ላይ 3:12 ይላል፤ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12።

«ልጁ ሌሊት ይጫወታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሌሊት 9 ሰዓት? ልጁ ተኝቷል፣ እኔም ተኝቻለሁ። ማነው የሚጫወተው ታዲያ?»

እዚህ ላይ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። መልሱን አውቄዋለሁ። ግን ምን አልኩ? «ልጁ ሳያውቅ የሆነ ነገር ነክቶ ይሆናል።»

እናትየው ሳቁ። «ልጁማ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ ማንበብ የት ይችላል!»

ዝም አልኩ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጁም አያነብም። ያን ስልክ ነክቶ የተጻፈውን ሊያነብ ይችል የነበረው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ። ጭራሽ ትዝ አለኝ። ጌሙ ሴቲንግ ድረስ ወስዶኝ ሎኬሽኑን «ሁልጊዜ» አድርገው ብሎኝ ነበር። የኳስ ጨዋታ ተዘግቶ ሳለ ሰው የት እንዳለ ማወቅ ለምን አስፈለገው? አልጠየቅኩም። ነካሁለት።

የፐርሚሽኑን፣ ማለትም ጌሙ የተፈቀደለትን ነገር ዝርዝር ወደ ታች ስወርድ ኮንታክትም አለበት። የእሳቸው ኮንታክት ደግሞ የእኔና የእናንተ ዓይነት አይደለም። ስም አይጽፉም፤ ጎረቤት ልጅ ጠርተው ሥራቸውን ያጽፋሉ። «ሎሚ ኤረር»። «ቲማቲም ጅቡቲ 2»። «ሹፌር አይሻ»። «ዕቁብ ሰብሳቢ»። «ሐረር ያልከፈለች»። የዱቤ ደብተራቸው ማለት ነው። ከማን እንደሚገዙ፣ ለማን እንደሚሸጡ፣ ማን እንዳለበት፣ ሁሉም ከነስልክ ቁጥሩ። ያን ደብተር ቀፊራ መሀል ቆሞ «አንዴ ልየው» የሚላቸው ሰው ቢመጣ በሽንኩርት ይፈነክቱታል። እኔ ግን በእሳቸው ስም ለማላውቀው ሰው ከፈትኩለት።

ጌሙን አጠፋሁት። አልከፈሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ኮንታክቱ ግን ያን ቀን አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።

ማታ ሳቢያን ቤቴ ገብቼ፣ ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ ላፕቶፑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ያንኑ ጌም ፕሌይ ስቶር ላይ መፈለግ ነው። አገኘሁት። ሥዕሉ አንድ ዓይነት፣ ስሙ አንድ ዓይነት። ስለ አፑ የሚያወራው ገጽ ግርጌ ላይ የሚጠይቃቸው ፐርሚሽኖች ተዘርዝረዋል። ኮንታክት የለም። ሎኬሽንም የለም። እኔ ፎልደር ውስጥ ያለው ግን ሁለቱንም፣ ማይክንም ጨምሮ ይጠይቃል። አንድ ሰው ዋናውን ጌም ፈቶ፣ የራሱን ነገር ከቶበት፣ መልሶ ገጥሞታል። «ሳንቲሙ የማያልቅ» የተባለው ማባበያው ነው። ሳንቲሙ አያልቅም፣ የሚያልቀው የሰው ፓኬጅ ነው።

ታዲያ ዋናው ስቶር ላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ ልተኛ ስል ማንበብ ጀመርኩ። እንቅልፌ ጠፋ። በፈረንጆቹ 2013 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንድ የባትሪ መብራት አፕ ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። መብራት ብቻ! አፑ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽንና የስልካቸውን መለያ ለማስታወቂያ ሰዎች ያቀብል ነበር። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣውን አነበብኩ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ሶፍትዌር ያለባቸው ከ250 በላይ ጌሞች ፕሌይ ስቶር ላይ ነበሩ። ሶፍትዌሩ በስልኩ ማይክ በኩል የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየሰማ ቤተሰቡ ምን ማስታወቂያ እንዳየ ይለያል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ቢሆን እንኳ። አንዳንዶቹ የልጆች ጌሞች ናቸው። ኩባንያው «የሰው ወሬ አንቀዳም፤ ደግሞም ተጠቃሚው ፈቅዷል» ነው መልሱ። ፈቅዷል! ያቺን ቃል ሳነብ አውራ ጣቴን አየሁት።

አሠራሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። ጌም የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ራሱ አይጽፍም። የማስታወቂያውን ክፍል ከሌላ ኩባንያ የተዘጋጀ ኮድ ወስዶ ይገጥማል፤ እኛ የተሠራ ሰርኪት ገዝተን እንደምንገጥመው። ያ የተገጠመው ዕቃ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጌሙ የተፈቀደለትን ሁሉ እሱም ያገኛል። በአንዱ ጌም ያየውን በሌላው ካየው ጋር የሚያገናኝበት ቁጥርም አለው፤ እያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ላይ የማስታወቂያ መለያ የሚባል አለ። ደስ የሚለው ነገር ያ ቁጥር ከሴቲንግ ውስጥ ይሰረዛል። አሁን ሱቄ የሚመጣ ሰው ሳይጠይቀኝ ሰርዤ ነው የምሰጠው።

አልሰርዝም። ይኸው እንደገና! መጀመሪያ እጠይቃለሁ። «ልሰርዘው?» እላለሁ፣ እሺ ሲሉኝ እሰርዛለሁ። አመል ቶሎ አይለቅም።

በነጋታው «ጌም ሁሉም»ን አጠፋሁ። 60 ምናምን ጌም ነበር። እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን ሱቁን የምንሠራው፤ አበደ። «ደንበኛ ጎረቤት ሊሄድ ነው፤ አንተ ደግሞ ሰው እንዳይጫወት ፖሊስ ሆንክ» አለኝ። ደንበኛም ሄደ። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ሁልጊዜ ሻይ የምንገባበዝ ሰውዬ፣ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ «ወላሂ ድሮ ይሻልህ ነበር» ብሎኝ ወጣ። ሁለት ሳምንት ያህል ገቢያችን ከሲታ ነበር።

የአሁኑ አሠራሬ እንዲህ ነው። ጌሙ ከስቶር፣ በደንበኛው ፓኬጅ ይወርዳል። ስልኩ ሲጠይቅ እጄን አነሣለሁ። ስልኩን አዙሬ ለባለቤቱ አስጠጋለሁ፣ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፤ ሶማሊኛዬ ስለማያወላዳ እሱን ባልደረባዬ ይረዳኛል። ጣቱ የባለቤቱ ነው። ይሄ ምግባር ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል፤ የሰው ዳታ የሚነካ የባለቤቱን ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት መያዝ አለበት የሚል ነገር አለበት። አንድ ሕግ የተማረ ደንበኛዬ ሲነግረኝ «እኔ ስንት ጊዜ ፈቅጄያለሁ መሰለህ፣ በሌላ ሰው ስልክ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወደ ቀፊራዋ እናቴ ልመለስ። ሳምንት ቆይቼ ራሴ ሄድኩ። ጠዋት፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኮንታክታቸው መነካቱን፣ የነካሁትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ያልከፈለችኝን ሴትዮ ቁጥር ካገኙት ይደውሉላት፣ ምናልባት ለእነሱ ትከፍላለች» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ መሬት ባየሁ ጊዜ ግን እጄን ያዝ አድርገው «ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። ያ ስለ ልጁ የተናገርኩት ገብቷቸው ኖሯል።

ባለፈው ወር ልጁን ይዘውት መጡ። ኳሱ ይመለስልኝ እያለ አላስቀምጥ አላቸው። ዋናውን ከስቶር አወረድንለት። ከዚያ ሌላም የመኪና ጌም አማረው፣ እሱንም አወረድን። የመኪናው ሲከፈት ጠየቀ። ስልኩን አዞርኩት።

«ምን ይላል?»

«የት እንዳለሽ ልወቅ ይላል።»

«ቀፊራ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ? አይ በለው።»

«አንቺ ነሽ የምትነኪው። ይቺ 'አይሆንም' የምትለዋ ናት።»

ሽንኩርት ባጠቆረው ጣታቸው ጠበቅ አድርገው ነኩት፣ ደወል እንደሚጫን ሰው። ልጁ ጌሙ የሚዘጋ መስሎት ሊያለቅስ አፉን ከፈተ። መኪናው ተነሥቶ ሄደ፤ ምንም አልጎደለበትም።

እናትየው ስክሪኑን ትንሽ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ካላስፈለገው ለምን ጠየቀኝ?»