20 ዓመት በሁለት ብርጭቆ

ሁለቱን ብርጭቆ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ ውሃ ለመምሰል ትንሽ ነው የቀረው፣ ዳር ዳሩን ብቻ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ሌላው ወርቅ ነው። ሁለቱም ከጀርመን፣ ከሞዜል ወንዝ ዳር የመጡ፣ ሪዝሊንግ ከሚባል የወይን ፍሬ የተሠሩ ነጭ ወይኖች ናቸው። ሰሪው አንድ፣ ፍሬው የበቀለበት ተዳፋት አንድ፣ ደረጃውም አንድ፣ ሽፔትሌዘ፣ ዘግይቶ ከተለቀመ ፍሬ የሚሠራው። አንዱ የ2021 ምርት ነው፣ ሌላው የ2001። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።)

ይህንን ምሽት ለወራት ስጠብቀው ነበር። ነጭ ወይን ቶሎ ካልተጠጣ ይበላሻል ሲባል እየሰማሁ ነው የኖርኩት፣ ለአብዛኞቹ ነጭ ወይኖችም እውነት ነው። ለጥቂቶቹ ግን አይደለም። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለነዚያ ጥቂቶቹ ነው።

ከቆየው ጀመርኩ። ብዙ ሰው ከአዲሱ ጀምሩ ይላል። ለመጠጣት እኔም እንደዚያው ነኝ። ለማሽተት ግን የቆየውን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም አዲሱ ጮክ ብሎ የሚናገር ወይን ነው፤ አንዴ አፍንጫችሁን ከሞላው በኋላ የቆየው በለሆሳስ የሚለውን አትሰሙም።

የቆየው መጀመሪያ የሸተተኝ ላምባ ላምባ ነው። አዎ፣ ላምባ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ብርጭቆውን ከአፍንጫው አራቀና «ይሄ ነገር ጋዝ ነክቶታል እንዴ?» አለኝ። አልነካውም። ይሄ ሽታ የሪዝሊንግ የዕድሜ ምልክት ነው፣ የሚያመጣው ውህድ በአጭሩ ቲዲኤን ይባላል። መነሻው ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርጉት የካሮቲኖይድ ቤተሰቦች ናቸው። ፍሬው ተክሉ ላይ እያለ ፀሐይ በመታው መጠን መነሻው ይበዛል፣ ከዚያ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ሲተኛ አሲዱ ቀስ እያለ ይፈታዋል፣ ሽታውም ዓመት በዓመት እየጎላ ይመጣል። የአውስትራሊያ ሪዝሊንግ ገና በልጅነቱ ላምባ ላምባ ማለት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ቡሽ ደግሞ ከዚህ ሽታ የተወሰነውን ይመጥጣል፣ ስለዚህ በሚጠመዘዝ ክዳን የታሸገው ላይ ይበልጥ ይሰማል።

ጓደኛዬን «አስር ደቂቃ ስጠው» አልኩት።

አስር ደቂቃ አላስፈለገም። ላምባው ወደ ኋላ ሲል ከሥሩ ማር መጣ፣ ከዚያ የደረቀ ኮክ፣ ከዚያ የሻማ ሰም። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ዝናብ የመታው ድንጋይ ዓይነት ሽታ። አንዱ ሌላውን ሳይጋፋ ነው የሚመጣው፣ ተራ ጠብቆ። አዲሱን ሳነሳ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ፦ አረንጓዴ ፖም፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ነጭ አበባ። ምላስ ላይ እንኳን ትንሽ ይቆነጥጣል። ደስ ይላል እኮ! ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ነገር በብርጭቆ አይቀርብም።

አፌ ውስጥ ሳስገባቸው የገረመኝ ግን ጣፋጭነቱ ነው። ሽፔትሌዘ ብዙውን ጊዜ ስኳር ያስቀራል። አዲሱ ላይ ስኳሩ ፊት ለፊት ነው፣ ወዲያው ይሰማል። የቆየው ላይ የት ገባ ያስብላል፣ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስኳሩ ግን የትም አልሄደም፣ ቢለካ እዚያው ነው። አሲዱም እንደዚሁ ብዙም አልተነካም። የተለወጠው አብረው የሚኖሩበት መንገድ ነው። አዲሱ ላይ ስኳርና አሲድ በየፊናቸው ይሮጣሉ፣ የቆየው ላይ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው «ወይኑ ሲቆይ ተሻሻለ» የሚለው አነጋገር የማይጥመኝ። ሌላ ወይን ሆነ ነው የምለው እኔ። የጠፋ አለ፣ የመጣ አለ። ከአዲስ ነጭ ወይን የምናሸተው ሙዝና ከረሜላ የሚመስለው ነገር አብዛኛው ጭማቂው ሲብላላ እርሾው የሚሠራው ኤስተር የሚባል ውህድ ነው፣ እሱ ደግሞ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ እየፈረሰ ይጠፋል። ወይኑ ከሱ ሌላ የሚናገረው ከሌለው ያኔ ያልቃል። ያለው ግን ያኔ ነው የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ማረም አለብኝ። ሁለቱን ወይን የሚለያቸው 20 ዓመት ብቻ ይመስላል። አይደለም። ሁለት የተለያዩ በጋዎችም ናቸው። በሞዜል 2021 ቀዝቃዛና ዝናባማ ነበር፣ አሲዱ ስለታም የሆነው ለዚያ ነው። 2001 ደግሞ ከታላላቆቹ ዓመታት አንዱ ነው ይባልለታል። በ2001 ፋንታ አውሮፓን ሙቀት ያቃጠላትን 2003ን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ፣ ወፍራምና ለስላሳ ወይን አገኝና «ዕድሜ ነው እንዲህ ያደረገው» ብዬ እጽፍላችሁ ነበር። የፀሐይን ሥራ ለዕድሜ እሰጠው ነበር ማለት ነው። የተለያዩ ዓመታትን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያ በጋ እንዴት ነበር የሚለውን ነው።

ዕድሜን ብቻውን ማየት የፈለገ ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው፦ አንዱን ወይን በርከት አድርጎ ገዝቶ በየጊዜው አንድ አንድ መክፈት። እኔ ሻብሊ በሚባለው የፈረንሳይ ነጭ ወይን ሞክሬዋለሁ፣ የ2014 ምርት፣ ፕርሚየ ክሩ የሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ነበር፣ ስድስት ጠርሙስ። በ2016 ስከፍተው ማስታወሻዬ ላይ «ሎሚ፣ ጨው፣ የባሕር ዛጎል፣ ጥርስ ያነቃል» ብያለሁ። በ2019 የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አፉን ዘግቷል።» በእውነትም ምንም አይልም ነበር። ፍሬው ሄዷል፣ የሚተካው ገና አልመጣም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ቀሪዎቹን ለሰው ልስጣቸው ብዬ ሁሉ ነበር። እንኳን አልሰጠሁ! በ2023 ያው ወይን የተቆላ ለውዝ፣ እንጉዳይና ማር ይዞ ተመለሰ፣ ጨዉ ግን እንደነበረ ነው። ያ ዝም ያለበት ጊዜ በብዙ ጥሩ ነጭ ወይኖች ላይ የሚያጋጥም ነው፣ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ያለው ሰው በዚያ መሀል ከከፈተው ወይኑን ሳያውቀው ይቀራል።

ሁሉም ደግሞ እንዲህ አያምርለትም። ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ከፈረንሳይ፣ ከቡርጎኝ፣ የመርሶ መንደር ሻርዶኔ ነበረኝ፣ የ2002 ምርት፣ የሰሪውን ስም ልተወው። ስምንት ዓመት ሲሞላው ከፈትኩት። ቀለሙ ሻይ ነው። ሽታው ተነክሶ የተተወ ፖም፣ ከዚያ አብሽ። አብሽ ስል ለማመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ለአብሽ ሽታውን የሚሰጠው ሶቶሎን የሚባል ውህድ ራሱ ነው አየር ባጠቃው ነጭ ወይን ላይ የሚወጣው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተመረቱት ጀምሮ ብዙ የቡርጎኝ ነጭ ወይን እንዲህ ያለ ዕድሜው ጃጅቷል። ቡሹ ነው ያሉ አሉ፣ ወይኑን ከአየር የሚጠብቀው ሰልፈር ስለተቀነሰ ነው ያሉ አሉ፣ ፍሬው የሚጨመቅበት መንገድ ስለተለወጠ ነው ያሉም አሉ፣ ሁሉንም በአንድ የሚያስማማ ምክንያት አልተገኘም። ከአንድ ካርቶን ውስጥ አንዱ ጠርሙስ ድንቅ፣ ጎረቤቱ የሞተ ይሆናል። ብዙ ሰሪዎች ቡሽ የቀየሩትም በዚህ የተነሳ ነው። እዚያው ፈረንሳይ፣ ዡራ ውስጥ ግን ያው የአብሽ ሽታ ተፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ቫን ዦን የሚባለው ወይናቸው ከላይ ስስ የእርሾ ሽፋን ለብሶ ቢያንስ ከ6 ዓመት በላይ ይቆያል፣ ስትጠጡት ያ ሽታ ክብሩ ነው። ሽታውን ጥፋት ወይም ጸጋ የሚያደርገው ወይኑ ወዴት ሊሄድ እንደታሰበ ነው።

አፍንጫዬን በደንብ ያታለለኝ ግን ሴሚዮን ከሚባል ፍሬ የሚሠራው የአውስትራሊያው የሀንተር ቫሊ ነጭ ወይን ነው። ፍሬው ቶሎ ይለቀማል፣ አልኮሉ 11 በመቶ አካባቢ ነው፣ በርሜል የሚባል ነገር አያየውም። አዲስ ሲሆን ሎሚ ከመሆን አያልፍም፣ ለምን ሰው ይወደዋል ትላላችሁ። ከአስር ዓመት በላይ ሲቆይ ግን የተጠበሰ ዳቦና ቅቤ ይሸታል፣ በርሜል ውስጥ ያደረ ነው ብዬ እምል ነበር። ጠርሙሱና ጊዜው ብቻ ናቸው የሠሩት። የስፔኑ ወይን ሰሪ ሎፔዝ ደ ኤሬዲያ ደግሞ ቶንዶኒያ ሬሴርቫ የሚባለውን ነጭ ወይኑን በርሜል ውስጥ 6 ዓመት ያህል ስለሚያቆየው ገዢው እጅ የሚደርሰው አድጎ ነው።

የማይቆዩትን ልጥቀስና ልለፍ። ፒኖ ግሪጆ፣ አብዛኛው የኒውዚላንድ ሶቪኞን ብላን፣ አብዛኛው ቪዮኚዬ በልጅነታቸው ይጠጡ። ውበታቸው እዚያ ነው ያለው፣ ቢያስቀምጧቸው የሚጨምሩት ነገር የለም። የምታስቀምጡትን ደግሞ ጨለማ፣ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ የማይነቃነቅ ቦታ አስተኙት። ስትጠጡም የቆየውን በጣም አታቀዝቅዙት፣ በረዶ ሲሆን ይቆለፋል። አዲሱን 8 ዲግሪ ላይ፣ የቆየውን 12 ላይ ነው እኔ የምቀዳው።

ወደዚያ ምሽት ስመለስ፣ ጓደኛዬ በመጨረሻ የመረጠው አዲሱን ነው። «ይሄኛው ያነቃኛል፣ ያኛው ያሳስበኛል» አለኝ፣ አልተከራከርኩትም። እኔ የቆየውን ይዤ ቆየሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ወደ ሁለት ጣት የሚሆን ቀርቶ ነበር፣ ለነገ አልተውኩትም። ያን ጊዜ ላምባው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሰሙም ለዝቧል፣ እና ከሁሉም ሥር፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ የአዲሱን የሎሚ ልጣጭ አገኘሁት። ሁለቱን ብርጭቆ እያፈራረቅኩ ደጋግሜ አሸተትኩ። ራሱ ነው።

ከ2021 ምርት አራት ጠርሙስ ይቀረኛል። ቀጣዩን በ2028 እከፍተዋለሁ።